የሸራ ጀልባ ሆድ ለታች ቀለም ሲዘጋጅ፦ ምን ያህል ይታሻል፣ የትስ ይቆማል?

ሞገድ_በሞገድ

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ የሆነ የፋይበርግላስ ሸራ ጀልባ ከውሃ ወጥቶ በድጋፍ እግሮች ላይ ቆሟል። ሆዱ ላይ ያለው ቀለም ዓመት በዓመት ላይ የተደራረበ ነው፤ ዓይነቱ አይታወቅም። አንዳንዱ ቦታ በጥፍር ሲነካ ይላጣል፣ አንዳንዱ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ኪሉ (ከሆዱ ሥር የወረደው ከባድ ክንፍ) የብረት ነው፤ ከሆዱ ጋር በሚጋጠምበት መስመር ላይ ዝገት ወርዶ ይታያል።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ሁሉን እስከ ጄልኮቱ (የፋይበርግላሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ላውርደው ወይስ የላላውን ብቻ? በስንት ቁጥር የአሸዋ ወረቀት? ከአንቲፋውሊንጉ (ባሕር ውስጥ የሚጣበቀውን ፍጥረት ከሚከላከለው የታች ቀለም) ሥር ኢፖክሲ ፕራይመር (አስቀድሞ የሚቀባ መያዣና የእርጥበት መከላከያ ሽፋን) የግድ ነው?

ጄልኮት_ጠባቂ

ወንድሜ፣ የወረቀቱን ቁጥር ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ሥር ያለው ቀለም ምን እንደሆነ፣ ምን ያህልስ እንደያዘ እወቅ። አዲሱ ቀለም የሚይዘው ከሥሩ ያለው የያዘውን ያህል ብቻ ነው። የሥረኛው ሽፋን ሲለቅ የላይኛውን ይዞት ይወርዳል።

ዓይነቱን ለመለየት ንጹሕ ጨርቅ በውሃ አርሰህ አንድ ቦታ አጥብቀህ እሸው። ጨርቁ ቀለሙን በደንብ ከወሰደ፣ ውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ እያለቀ አዲስ ፊት የሚያወጣው ዓይነት ነው። ምንም ካልወሰደ ወይም እንደ ጠመኔ ጥቂት ብቻ ካነሳ ጠንካራው ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ልዩነቱ ዋጋ አለው፦ ጠንካራ ቀለም በሚያልቀው ላይ አይቀባም፣ ሥሩ ለስላሳ ስለሆነ ከላይ ያለው ይሰነጠቃል፣ ይፈነቀላል። የሚያልቀው ግን በሚገባ በታሸ ጠንካራ ቀለም ላይ መግባት ይችላል።

ለመያዙ ደግሞ በስለታም ቢላ እስከ ሥሩ ድረስ ሁለት ጭረት በመስቀል ቅርጽ አውጣ። ጠንካራ ፕላስተር ለጥፍበት፣ በአውራ ጣት ጨቁነውና በአንድ ጊዜ ንጨቀው። ይህን ቢያንስ 8 ቦታ አድርገው፦ በውሃው መስመር፣ በሆዱ መካከል በሁለቱም ጎን፣ ከኋላ ከሥር፣ በመሪው፣ በኪሉ። አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከተነሳ የላላውን ፍቀህ፣ ጠርዙን አሽተህ አለሳልሰህ መቀጠል ትችላለህ። ግማሹና ከዚያ በላይ ከተነሳ፣ ወይም ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ፣ ሁሉም ይውረድ። በመሃል ቤት ማመንታት ሥራውን ሁለት ጊዜ ያሠራል።

የአቧራ_ጠላት

ከማንኛውም ሥራ በፊት ይህ ይነበብ።

ሆዱ ላይ ያለው ቀለም መርዝ ነው። የተሠራውም ለዚያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ ኦክሳይድ ያለበት ሲሆን ባሕር ውስጥ የሚጣበቀውን ፍጥረት እንዲገድል ወይም እንዲያባርር ታስቦ ነው። አሮጌ ጀልባ ላይ ከሥር ያለው ሽፋን ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል። በቆርቆሮ (ቲን) ውሁድ የተሠሩ የጀልባ ቀለሞችን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2001 ጸድቆ ሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 2008 ነው (ሁለቱም ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)። ከዚያ በፊት የተቀባ ሽፋን ከሥር ተቀብሮ ሊገኝ ይችላልና ታሪኩን የማታውቀውን ቀለም እንደ ክፉው ቁጠረው።

ስለዚህ በደረቁ፣ ያለ መምጠጫ ማሸት የለም። ሳንደሩ (የአሸዋ ወረቀቱን የሚያዞረው ማሽን) ጥቃቅን አቧራ ከሚያስቀር ፊልተር ካለው መምጠጫ ጋር ይያያዝ። ፊት ላይ በሁሉም ጠርዝ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ የፒ3 ደረጃ ፊልተር ያለው ጭንብል ይደረግ። ጺም ካለ አይገጥምም፣ አየሩ በጎን ይገባል። የወረቀት የአፍ መሸፈኛ ለዚህ ሥራ ምንም አይደለም። በቲነርና በቀለም ሥራ ጊዜ ደግሞ የአቧራ ፊልተር ብቻውን ጋዝ አይከለክልም፣ የካርቦን ፊልተር ይጨመርበት። ዓይን የሚዘጋ መነጽር፣ የኒትራይል ጓንት፣ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ተጥሎ የሚተው ልብስ። መሬቱ ላይ ከጀልባው ወርድ በየጎኑ 2 ሜትር የሚተርፍ ፕላስቲክ ይነጠፍ። ነፋስ ካለ ሥራው ይቅር። የተሰበሰበው አቧራና ቅርፊት በከረጢት ታሽጎ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይወገዳል፤ በቱቦ ውሃ ታጥቦ ወደ ቦይ አይሄድም።

ሞገድ_በሞገድ

አመሰግናለሁ። የፕላስተሩ ሙከራ ውጤት፦ ከ8ቱ በ5ቱ ቀለሙ እስከ ታች ተነሥቷል። ጨርቁ ቀለም ወስዷል። እንግዲህ ይወርዳል ማለት ነው። በምን ይውረድ?

ስቱኮና_መፋቂያ

መፋቂያ፣ ኬሚካል፣ ሳንደር። ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል አዋህዳቸው፤ ሁሉን በሳንደር ልጨርስ ያለ ሰው ወረቀት በካርቶን ይጨርሳል፣ አቧራውም ያን ያህል ይበዛል።

መፋቂያው ጠንካራ የካርባይድ ስለት ያለው፣ ወደ ራስ የሚሳብ ይሁን። የስለቱን ሁለት ማዕዘን በፋይል አክብበው፣ አለዚያ ጄልኮቱን ያርሰዋል። የላላው ቀለም በመፋቂያ በትልልቅ ቅርፊት ይወርዳል፣ አቧራውም ትንሽ ነው። መፋቂያው እምቢ ያለበት ቦታ ላይ ለፋይበርግላስ ተብሎ የተሠራ የቀለም ማላቀቂያ ወፍራም አድርገህ ቀባው፣ በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍነህ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቅና በፕላስቲክ መፋቂያ አንሣው። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ማላቀቂያ እንዳይነካው፤ ጄልኮት ራሱ ፕላስቲክ ነው፣ ያለሰልሰዋል። ሲያልቅ በብዙ ውሃ አጥበህ ያጠብክበትንም ሰብስብ።

የቀረው ቅሪት ለሳንደር ነው። 150 ሚሊሜትር ክብ፣ እየዞረ የሚንቀጠቀጥ ዓይነት፣ በ80 ቁጥር ወረቀት። ጠፍጣፋ አድርገህ ያዘው፤ ጠርዙን ካዘነበልከው ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጉድጓድ ያወጣል፣ ያን ጉድጓድ ደግሞ በኋላ በስቱኮ ትከፍለዋለህ። በጎበጠው ቦታ ከወረቀቱ ሥር ለስላሳ የስፖንጅ ንጣፍ አስገባ። አትጫነው፣ የማሽኑ ክብደት ይበቃል። ወረቀቱ ሲደነዝዝ ቀይረው፤ የደነዘዘ ወረቀት መቁረጥ ትቶ ያሞቃል፣ ሙቀቱ የሚያልቀውን ቀለም ያቀልጥና ወረቀቱን ይደፍነዋል። ግራይንደርና የቀበቶ ሳንደር ለፋይበርግላስ ሆድ አይሆኑም።

የት ይቆማል ላልከው፦ ጄልኮቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከቀለሙ ጥላው ብቻ ሲቀር አቁም። በጄልኮቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረችውን የቀለም ነጠብጣብ ለማጥፋት ብሎ መውረድ ትልቁ ስሕተት ነው፤ እሷን ያሳደደ ፋይበሩን ያገኛል። ደግሞ በመንገድህ ላይ ግራጫ ወይም ነጭ፣ ጠንካራና ወጥ የሆነ ሽፋን ካገኘህ የቀድሞ ኢፖክሲ መከላከያ ሊሆን ይችላል። የያዘ ከሆነ እዚያው ላይ ቁም፣ ላዩን ብቻ አሽ። እሱን አውርዶ እንደገና መቀባት በከንቱ መድከም ነው።

ሰሜን_ነፋስ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ነገር ግን የ9 ሜትር ጀልባን ሆድ በእጅ መፋቅ ብዙ ቀን ይወስዳል። በሶዳ መንፋት (የሶዳ ዱቄት በአየር ግፊት መርጨት) አማራጭ ነው፤ ሶዳው ከአሸዋ በጣም የለሰለሰ ስለሆነ በሠለጠነ እጅ ጄልኮቱን ሳይቆፍር ቀለሙን ያወርዳል።

ስቱኮና_መፋቂያ

በሠለጠነ እጅ፣ አዎ። ሁለት ነገር ግን አትርሳ። የሶዳው ዱቄት በየቀዳዳው ይቀራል፤ በሚገባ በውሃ ካልታጠበ ፕራይመሩ በዱቄቱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሁለተኛ፣ ሶዳ የብረቱን ኪል ቀለም ያወርዳል እንጂ ብረቱን አያሻክረውም፣ ኪሉ ለብቻው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የተነፋውም ጄልኮት ቢሆን በ80 ቁጥር አንድ ጊዜ መታሸቱ አይቀርም።

ቀጥ_ያለ_ምሰሶ

ስለ ድጋፍ እግሮቹ ማንም አላነሣም። የጀልባው ክብደት ያረፈው በኪሉ ሥር ባለው እንጨት ላይ ነው፣ እግሮቹ የሚሠሩት እንዳይወድቅ መያዝ ነው። ከእግሩ መከዳ ሥር ያለውን ለማሸት ብለህ እግሩን ራስህ አትፍታ። የቦታው ባለሙያዎች ይምጡ፤ እነሱም አዲሱን እግር አጠገቡ አጥብቀው ካቆሙ በኋላ ነው አሮጌውን የሚያነሡት፣ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ። ፊት ለፊት የሚተያዩት እግሮች በሰንሰለት መያያዛቸውን አይተህ ጀምር። የፕላስቲክ መከለያህንም ከእግሮቹ ጋር አትሰር፤ ነፋስ ሲያነሣው እግሩን ይጎትታል።

ጄልኮት_ጠባቂ

አሁን ሆዱ ወርዶ ጄልኮቱ ታየ እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ሰም ማስወገድ፣ ቀጥሎ ማሸት። ከፋብሪካ ሻጋታው የቀረ ሰም ወይም ቅባት እያለ ከታሸ ወረቀቱ ሰሙን ወደ ጭረቱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ አታገኘውም።

ሰም በሚያወጣ ማሟሟቻ ሁለት ጨርቅ ይዘህ ሥራ፦ አንዱ ያረጥባል፣ ሁለተኛው ደረቅ ሆኖ ሳይደርቅ ያነሣል። በአንዴ ከአንድ ካሬ ሜትር አትለፍ፣ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ ቀይር፤ በቆሸሸ ጨርቅ ማሸት ሰሙን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው። ከዚያ ውሃ እርጭበት። ውሃው እንደ ሉህ ተዘርግቶ ከወረደ ንጹሕ ነው፤ ተሰባስቦ ጠብታ ከሠራ ሰሙ አለ፣ ድገመው።

ከዚያ 80 ቁጥር፣ እስኪፈዝ። አንድም የሚያብረቀርቅ ነጥብ አይቅር። የእጅ ባትሪ በጎን አብራበት፣ የሚያበራው ሁሉ ያልታሸ ነው። ሙሉውን በመጻፊያ እርሳስ ብትሞነጭረውና እርሳሱ እስኪጠፋ ብታሸው ያመለጠ ቦታ አይኖርም። ከ120 በላይ አትሂድ፤ ያለሰለስከው ገጽ ለዓይን ደስ ይላል፣ ለኢፖክሲ ግን የሚይዘው ጥርስ የለውም።

ኢፖክሲ_በሰዓቱ

ጄልኮቱ ሲገለጥ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካየህ፣ መነጽር አድርገህ ብሳው፤ ውስጡ ግፊት አለው፣ ይረጫል። ሽታው ኮምጣጣ ከሆነና ፈሳሹ የሚያጣብቅ ከሆነ ከሬዚኑ (ፋይበሩን ከያዘው ሙጫ) የመጣ ነው። እስከ ጤነኛው ድረስ ከፍተህ ጠርዙን እንደ ሰሃን አዘቅዝቀው፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው ጉድጓድ ስቱኮ አይዝም። በጨው አልባ ውሃ ለብዙ ቀን ደጋግመህ እጠብ፣ ከዚያ ይድረቅ። ለመድረቁ 30 በ30 ሴንቲሜትር ፕላስቲክ አራት ማዕዘኑን በፕላስተር አሽገህ ለ24 ሰዓት ተወው። ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ገና ነው። መድረቁ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ከዚህ ላይ አትቸኩል፤ እርጥበቱን አሽጎ መቀባት እብጠቱን እንዲመለስ መጋበዝ ነው።

የሚሞላው በኢፖክሲ ስቱኮ ነው። የመኪና ስቱኮ ከውሃው መስመር በታች አይገባም፤ ፖሊስተር ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል። ኢፖክሲው ሲደርቅ ደግሞ ላይ ላዩን ሰም የመሰለ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ላብ ቲነር አያነሣውም፣ ውሃ ግን ያነሣዋል። በንጹሕ ውሃና በሻካራ ማጠቢያ ስፖንጅ እጠበው፣ አድርቀው፣ *ከዚያ* አሽ። ሳይታጠብ የታሸ ወረቀቱን ይደፍናል፣ ከላይ የሚመጣውም ሽፋን አይደርቅም ወይም ይላጣል።

ብረት_ለባሽ

ስለ ኪሉ። በመጋጠሚያው መስመር የወረደው ዝገት ሁለት ምንጭ ሊኖረው ይችላል፦ የኪሉ ራስ ብረት ወይም ቡሎኖቹ። ከውስጥ በኩል ሆነህ ቡሎኖቹን፣ ዳዶቹንና ከሥራቸው ያለውን ብረት እይ። ዝገት ወይም እርጥበት ካለ ጉዳዩ የቀለም አይደለም፤ ባለሙያ ያየው ዘንድ ሥራው ይቁም። ቡሎኖቹ ደኅና ከሆኑ መጋጠሚያውን ቆፍረህ አጽዳና ከውሃ በታች ለሚሠራ ተብሎ በተዘጋጀ፣ በሚለጠጥ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ሙላው። ፋይበርግላስና ብረት እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ደረቅ ስቱኮ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል።

ብረቱን እስኪያበራ ድረስ ማጽዳት ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው በሻካራ ነገር መንፋት ነው፣ ካልሆነ ግራይንደር። በእጅ የሽቦ ብሩሽ ብቻ ከሆነ ዝገቱን ያወለውለዋል እንጂ አያነሣውም። ከመንፋቱ በፊት ግን ጨዉን በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠበው፣ በዝገት ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ጨው ከማንኛውም ቀለም ሥር ዝገቱን ያስነሣል። ብረቱ ካበራ በኋላ ሰዓት መቁጠር ጀምሯል፦ ቡናማ ጥላ ከመታየቱ በፊት፣ በዚያው ቀን፣ የመጀመሪያው ኢፖክሲ ፕራይመር ይግባ። ስቱኮው ከፕራይመሩ በላይ ነው እንጂ በራቁት ብረት ላይ አይደለም። የመዳብ አንቲፋውሊንግ ራቁት ብረትን እንዳይነካ፤ መዳብና ብረት በጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ የሚበላው ብረቱ ነው።

(ከእርሳስ ብረት የተሠራ ኪል ላላቸው፦ እርሳስን በደረቁ በማሽን ማሸት አይገባም። በውሃ እያረጠቡ በእጅ ሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ፣ አጥቦ አድርቆ ወዲያው ኢፖክሲ።)

ሞገድ_በሞገድ

ገብቶኛል። ኢፖክሲ መከላከያው ስንት ድርብ? ምን ያህል ልግዛ? የውሃ መስመሩ ርዝመት 8 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ነው።

ኢፖክሲ_በሰዓቱ

የድርቡን ብዛት ሳይሆን ውፍረቱን ቁጠር። እርጥበት የሚከለክለው ሽፋን ደርቆ 250 ማይክሮን (ሩብ ሚሊሜትር) ገደማ ይሁን፤ በሮለር አምስት ስድስት ድርብ ማለት ነው።

ስፋቱ ለመካከለኛ ክብደት ሸራ ጀልባ በግምት እንዲህ ይሰላል፦ የውሃ መስመር ርዝመት ሲባዛ (ወርድ ሲደመር ጥልቀት)፣ ያ ሁሉ ሲባዛ 0.75። ያንተ 8 × 4.5 × 0.75 = 27 ካሬ ሜትር። 250 ማይክሮን ደረቅ ሽፋን በ27 ካሬ ሜትር ላይ 6.75 ሊትር ጠጣር (ደርቆ የሚቀር) ነገር ነው። ፕራይመሩ ግማሹ ብቻ ጠጣር ከሆነ 13.5 ሊትር ትፈልጋለህ፣ የሮለርና የባልዲ ብክነቱን ጨምረህ 15 አድርገው። ብዙ ሰው 5 ሊትር ገዝቶ ተቀባ ይላል፤ ሆዱ ቀለም አገኘ እንጂ መከላከያ አላገኘም። ድርቦቹን ሁለት ቀለም አፈራርቀህ ቀባ፣ ያመለጠህ ቦታ ወዲያው ይታያል።

አየሩም ይለካ። የሆዱ ገጽ ሙቀት ከጤዛ ነጥብ (አየሩ ጤዛ ማውጣት ከሚጀምርበት ሙቀት) ቢያንስ 3 ዲግሪ ይብለጥ። አየሩ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ የጤዛ ነጥቡ 16.4 ገደማ ነው፤ እንግዲህ ሆዱ ከ19.4 በታች ከሆነ ሮለሩን አስቀምጠው። ጠዋት በጣም የቀዘቀዘ ኪል ከአየሩ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፣ ስለዚህ የምትለካው ገጹን እንጂ አየሩን አይደለም።

አንቲፋውሊንጉ የሚገባበት ሰዓት ከሁሉ ይበልጣል። የመጨረሻውን ኢፖክሲ ድርብ በአውራ ጣት ጫነው፦ አሻራህ ከቀረ፣ ጣትህ ላይ ግን ቀለም ካልወጣ፣ የመጀመሪያው አንቲፋውሊንግ *አሁን* ነው የሚገባው። ሁለቱ በኬሚካል ይያያዛሉ። ሰዓቱ ካለፈና ኢፖክሲው ከጠነከረ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ታጥቦ፣ እንደገና በ80 ቁጥር መታሸት።

የቀለም_ባልዲ

ለአንቲፋውሊንጉ፦ 1 ሊትር በ10 ካሬ ሜትር ገደማ ቢሄድ (ጣሳው ላይ ያለውን አረጋግጥ) ለሁለት ድርብ 5.4 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ጨምር፤ ውሃው አጥብቆ የሚያሸው በኪሉና በመሪው የፊት ጠርዝ፣ እንዲሁም በውሃው መስመር ላይ ስለሆነ እነዚያ ሦስተኛ ድርብ ይፈልጋሉ።

መዳቡ ከባድ ስለሆነ ጣሳው ሥር ይዘቅጣል። ጠፍጣፋ እንጨት እስከ ሥሩ ሰደህ እስኪዋሃድ ደቁሰው፣ እየቀባህም በየጊዜው አማስለው። ሳያማስል የቀባ በመጀመሪያው ጎን ቀጭን ቀለም፣ በመጨረሻው ጎን ወፍራም መዳብ አስቀምጧል ማለት ነው። የመጀመሪያው ድርብ ከሁለተኛው በቀለም ይለይ፤ በኋላ እሱ መታየት ሲጀምር የላይኛው እንዳለቀ ታውቃለህ። ማስኪንግ ቴፑን ቀለሙ ሳይጠነክር ሳበው፣ ከጠነከረ ጠርዙን ይዞ ይመጣል።

ሞገድ_በሞገድ

የመጨረሻ ጥያቄ። የሞተሩ እግር አሉሚኒየም ነው፤ የጥልቀት መለኪያ ዳሳሽም ከሥር አለ። እነሱም በዚሁ ቀለም?

ብረት_ለባሽ

አሉሚኒየሙን የመዳብ ኦክሳይድ ያለበት ቀለም አይንካው፣ ይበላዋል። ለአሉሚኒየም ተብሎ የተሠራ አለ፤ ከሆዱ ቀለምም በትንሽ ክፍተት ይለይ። የዚንክ መሥዋዕቶቹ (በሌላው ብረት ፈንታ እንዲበሉ የሚታሠሩት የዚንክ ቁራጮች) በምንም ቀለም አይቀቡም፣ ሲቀቡ ሥራቸው ይቆማል፤ ከማሸትህ በፊት በቴፕ ሸፍናቸው።

ኢፖክሲ_በሰዓቱ

ዳሳሹን በሳንደር አትንካ። በእጅ፣ በለስላሳ ስፖንጅ፣ ያለ አሴቶንና ያለ ቲነር አጽዳው፣ ፕላስቲኩን ያቃጥሉታል። በላዩ ለዳሳሽ የተሠራ፣ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ብቻ፣ አንድ ቀጭን ድርብ በብሩሽ።